ባዶ ጀሪካን ሳይቀድዱ የማይጥሉት የአቶ ተድላ አስናቀው የሕይወት ታሪክ

ከዓባይ በረሃ የወጣ የጭነት መኪና ሁሉ ቆሞ ትንፋሹን በሚሰበስብባት በደጀን ከተማ፣ አቶ ተድላ ከአባታቸው ከአቶ አስናቀው ይርዳውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩዓለም በላቸው ጥቅምት 12 ቀን 1957 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው ተምረዋል። ከዚያ በኋላ የሞተር ድምፅ ከትምህርት ቤቱ ደወል በለጠባቸውና የጭነት መኪና ረዳት ሆኑ።

በ1979 ዓ.ም. የዓባይን ዳገት ሲወጡ፣ የመኪናው ባለንብረት ከመንገድ ዳር በጀሪካን በገዛው የተጭበረበረ ዘይት ምክንያት ከመቀመጫቸው ሥር ያለው ሞተር ብረት ከብረት ተጣብቆ ነከሰ። የውስጥ ዘንጉ ብረቱን በርቅሶ ወጣ። ስባሪው የሹፌሩን ደረት በስቶ ገደለው፤ የፈላው ዘይት ደግሞ የአቶ ተድላን ቆዳ ከአንገታቸው እስከ ትከሻቸው ገሸለጠው። ከሦስት ወር በኋላ ከሆስፒታል ሲወጡ፣ «ሰውዬውን የገደለው ሞተሩ አይደለም፣ ጀሪካኑ ነው» ይሉ ነበር።

በ1989 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሮማነወርቅ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጽመው አማኑንና ያኔትን አፍርተዋል። በ1994 ዓ.ም. ቡራዩ፣ አምቦ መንገድ ዳር የሞተር ዘይት መሸጫና መቀየሪያ ከፈቱ። ደንበኛው ሁሉ በኦሮምኛ «ኦቦ ተድላ» ይላቸዋል። ዘይት ገልብጠው ሲጨርሱ ባዶውን ጀሪካን ግንድ ላይ አስቀምጠው በገጀራ ለሁለት ይከፍሉታል። ባዶ ጀሪካን እየገዙ፣ የተቃጠለ ዘይት አጣርተው ሞልተው፣ አዲስ ክዳን ገጥመው የሚሸጡ ሰዎች እንዳሉ ያውቃሉና። ቆራሌው፣ «ኦቦ ተድላ፣ እባክዎ አንዱን እንኳ በሕይወት ይተዉልኝ!» ብሎ ሲለምናቸው፣ «እሱ ከኖረ ሰው ይሞታል» ይሉታል።

ቁጣቸው ቶሎ የሚነድ እንደነበር እዚህ የቆመ ሁሉ ያውቃል፤ በለቅሶ ቀን መዋሸት ደግ አይደለም። ባዶ ጀሪካን እየሞሉ ከሚሸጡት አንዱ ሱቃቸው ድረስ መጥቶ ሲያስፈራራቸው ሁለት ጥርስ አጥተው የሰውየውን መንጋጋ ሰበሩ። ስድስት ወር ታስረው ሲፈቱ መጀመሪያ የጠየቁት ገጀራው የት እንዳለ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. የቡራዩው ነጋዴ የሐጂ ከድሩ ልጅ ሰላሃዲን አየር በግድ ወደ ሞተሩ የሚነፋ ሱፐርቻርጀር የተገጠመላት የስፖርት መኪና ይዞ መጣ። ሱሉልታ በኩል ለውድድር በሚዘጋ አስፋልት ላይ ሊሮጥባት ነው። ሁለት ዓይነት ዘይት በጣቱ እያሸ፣ «ጋሼ፣ ወፍራሙ አይሻልም? የጭነት መኪና ሹፌሮች ሁሉ እሱን ነው የሚያወድሱት» ሲላቸው እጁን በጥፊ መቱት።

«ዘይት በጣት አይመረጥም፣ ሽሮ መሰለህ እንዴ! ወፍራሙ በሱሉልታ ብርድ እንደ ማር ይረጋል። የሞተሩ አናት እስኪደርስ ብረት ብረትን ይበላል። ቀጭኑ ደግሞ አሥር ዙር ስትሮጥ ውኃ ይሆናል። ላንተ የሚሆነው ጠዋት የሚፈስ፣ ሲነድ የማይሸሽ ነው።»

ብርዱንም ግለቱንም የሚችለውን፣ ፋይቭ ደብሊው ፊፍቲ የሚባለውን ሙሉ ሲንተቲክ ዘይት ከመደርደሪያ አውርደው ሰጡት። ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር እንደሚሄድበት ሲጠይቃቸውም፣ «ኪሎ ሜትሩን እርሳው። ከውድድር በገባህ ቁጥር አፍስሰው። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተህማ ሳታድር ድፋው» አሉት። ሰላሃዲን በጥፊ የተመታበትን እጅ እያሻሸ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ አባትና ልጅ ሆኑ።

በጥር 2016 ዓ.ም. ጀሪካን ከሚሞሉት ወገን አራት ሰዎች ሱቃቸው ገብተው በብረት ዱላ ቀኝ ክንዳቸውን ሁለት ቦታ ሰበሩት። ክንዳቸው ታስሮ ሳለ ባዶ ጀሪካን ከሱቁ ጀርባ ተከመረ። አንድ ቀን ሕመሙ ሲጠናባቸው ቆራሌውን፣ «በቃ፣ ውሰዳቸው» አሉት። አሥራ ሁለት ነበሩ።

በየካቲት አቶ ተድላ ወጌሻ ቤት ስለነበሩ ሰላሃዲን በውድድሩ ዕለት ዘይቱን ከሱሉልታ ገዛ። ዓይነቱ ያው ነው፣ ክዳኑም የታሸገ ነው። በሰባተኛው ዙር ሞተሩ ነከሰ፤ የኋላ ጎማዎቹ ተቆለፉ፤ መኪናዋ ሦስት ጊዜ ተገልብጣ ነደደች። ሰላሃዲን በሃያ ሰባት ዓመቱ እዚያው ተቃጥሎ አለፈ።

የተረፈው ዘይት በቤተሰቡ ፒክአፕ ላይ ነበር። አቶ ተድላ ጀሪካኑን ሲገለብጡት ሥሩ ላይ «ታኅሣሥ 19» ተብሎ በሚስማር ተጭሯል። ጀሪካን የከፈቱበትን ቀን እንዲህ መጫር ልማዳቸው ነው፤ ጽሕፈቱ የራሳቸው ነው። ክንዳቸው ሳይሰበር የከፈቱት፣ ከተሰበረ በኋላ ያለቀ ጀሪካን ነው። ከእርሳቸው በቀር ያወቀ አልነበረም፣ ዝም ማለትም ይችሉ ነበር። ጀሪካኑን ታቅፈው ለቅሶ ቤት ገቡና ሐጂ ከድሩ ፊት አስቀመጡት።

«ሐጂ፣ ይሄ ከኔ ቤት የወጣ ነው። ሳልቀደው ሰጠሁት።»

የሟች ወንድም ኡዘይር ተነሥቶ በድንኳን ብረት ፊታቸውን መታቸው። ደግሞ መታቸው። ሳይመቷቸው ቀድመው የሚመቱት ሰው በዚያ ቀን ጤነኛውን እጃቸውን አላነሡም። የሚደማ አፋቸውን በጋቢያቸው ይዘው ቆሙ። ሐጂ ከድሩ፣ «ኡዘይር፣ በቃ! ጥፋቱን ታቅፎ የመጣ ሰው ቤቴ ውስጥ አይመታም» ብለው አስቀመጧቸው።

ከዚያ ወዲያ አቶ ተድላ ጀሪካን የሚሞሉትን ሰዎች ዓመት ሙሉ ሲያሳድዱ ቆዩ። አብሯቸው የሚሄደው ያው የመታቸው ኡዘይር ነበር። ሰበታ ውስጥ ዘይቱ የሚሞላበትን ግቢ አግኝተው ለፖሊስ ቢያመለክቱ ማስረጃ አምጡ ተባሉ። ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም. እኩለ ቀን ላይ ማስረጃ ሊይዙ ገቡ። ሆኖም የተደረደረውን ጀሪካን ሲያዩ አቶ ተድላ ራሳቸውን መግዛት አልቻሉም። ገጀራቸውን መዝዘው ከዳር ጀምሮ ይቆራርጡት ገቡ። ሦስት ሰዎች ብረት ይዘው መጡ። አንዱ በኡዘይር አናት ላይ ሲሰነዝር አቶ ተድላ መሐል ገቡ፤ ጭንቅላታቸው ተከፈተ።

ሆስፒታል ሳሉ ልጃቸው አማኑ፣ «አባዬ፣ ማን እንደመታህ ብቻ ንገረኝ» አላቸው።

«ምን ልታደርግበት? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መታሁ፤ ማንን አዳንኩ? ላንተም ነው የምለው ኡዘይር። ለሕግ ተዉት።»

ሕክምናው ሳይረዳቸው ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ሁለቱ ተጠርጣሪዎች ተይዘዋል። ሦስተኛው አልተያዘም፤ ኡዘይር ግን መልኩን ያውቃል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ኡዘይርና አማኑ ፒክአፑን አስነሥተው ወደ ሰበታ ሲወጡ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ከድንኳኑ ሮጠው መንገዱ መሐል ቆሙ። «ከሄዳችሁ በኔ ላይ ነድታችሁ ሂዱ! ነገ የማወጣው ሬሳ አንድ ነው» አሉ። ልጆቹ ሞተሩን አጠፉ።

አቶ ተድላ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና በመጨረሻው ዓመት ልጄ ይሉት የነበረውን ኡዘይርን ትተው አልፈዋል። ይህ በሚነበብበት ሰዓት ወይዘሮ ሮማነወርቅ የአማኑን እጅ በቀኝ፣ የኡዘይርን በግራ ይዘው ቆመዋል። ለቀስተኛ ሁሉ እጃቸውን ጨብጦ ሊያጽናናቸው ቢመጣ እንዳይቀየም፤ አይለቁም።

እግዚአብሔር የአቶ ተድላን ነፍስ እጅ በሰው ላይ በማይነሣበት ስፍራ ያሳርፍልን። አሜን።