ዕቃውን ጠይቁት

ለእህቴ ለጤናዬ፤

በድለሽኛል። ልጄን የሻሽወርቅን ለክረምት ብልክልሽ፣ አባቷ ፈቅዷል ብለሽ በስሜ ዋሽተሽ መምህራን ማሠልጠኛ አስገባሻት። እኔ ለአቶ ዘውገ ልጅ ልድራት በሽማግሌ ፊት ቃሌን ሰጥቼ ነበር። ቃሌን አስበላሽኝ፤ ሰው ፊት አዋረድሽኝ። ይህን ሳላስቀድም ሌላ ልጻፍ ብል ብዕሩ አልታዘዘኝምና አስቀድሜ ጻፍኩት።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስሽ። ለመሆኑ እንዴት ከረምሽ? ያ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ባልሽን አገኘሁንስ ሳሉ ለቀቀው? ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ከዓይኔ በቀር ደኅና ነኝ። መነጽር አድርግ ብለውኝ ነበር፤ አላደርግም። ባለቤቴ ሸዋርካብሽም ደኅና ናት። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ማንበብ ባትችልም ምን እንደጻፍኩ ፊቴን አይታ ታውቃለች።

የሻሽወርቅ ተመርቃ፣ ከአብነት ሰፈር ወረድ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት ሕፃናት እንደምታስተምር ታውቂያለሽ። ከሸማ ተራው ሱቄ በእግር የሚደረስ ነው። እኔ ግን ደጁን ረግጬው አላውቅም ነበር። እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷን ልትጠይቅ ስትመጣ እኔ ጋዜጣዬን አነባለሁ። ባለፈው ወር አቶ ዘውገ እንደገና ሽማግሌ ላኩ። ልጃቸው እስካሁን አላገባም፤ ልጅቷ ማስተማሩን ትታ ቤት ከገባች ያለፈውን ረስተነዋል አሉኝ። አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ። ቃሌን የምፈጽምበት ቀን መጣ ብዬ ለእሑድ ቀጠርኳቸው።

ከሱቄ ፊት ለፊት ሐምዱ የሚባል ነጋዴ አለ። የፕላስቲክ ባልዲ፣ ጆግ፣ የጠረጴዛ ላስቲክ ይሸጣል። ያን ዕቃ ያመጣ ዕለት፣ ከመሬት ያልበቀለ፣ ከከብት ያልተገፈፈ ነገር እጄን አላስነካም አልኩት። እሱም፣ ጋሼ ደመቀ፣ እርስዎ ባይነኩትም ገዢው ይነካዋል እያለ ይስቅብኛል። ታዲያ በዚያው በቀጠሮው ሳምንት የሐምዱ ትንሿ ልጅ ነፊሳ ጣሳ ሙሉ ውኃ ይዛ ሱቄ ገባችና፣ የተሰቀለውን ጋቢ ጫፉን ነክራ ቁጭ ብላ ታየው ጀመር። ጮኽኩባት። ፍንክች አላለችም። አባባ፣ ይኼኛው ይጠጣል፤ የአባዬ ላስቲክ ግን እምቢ አለ፤ ለምን? አለችኝ። ማን ነው የላከሽ ብላት፣ አስተማሪያችን ዕቃውን ራሱን ጠይቁት ብላናለች አለች። ሐምዱ ከማዶ ሆኖ፣ ጋሼ፣ ልጅቷን አይቆጡብኝ፤ የላከቻት የእርስዎ ልጅ ናት፤ መቆጣት ካማረዎት ትምህርት ቤቱ ሩቅ አይደለም አለኝ። ተራው በሙሉ ሳቀ።

ካፖርቴን ደርቤ ወዲያው ተነሣሁ፤ ነፊሳም ወደ ክፍሏ ልትመለስ ተከተለችኝ። ልጄን ተማሪዎቿ ፊት ልቆጣት፣ እስከ እሑድም ጓዟን ጠቅልላ ቤት እንድትገባ ልነግራት ነበር የሄድኩት።

የክፍሏ መስኮት ክፍት ነበረና ቆሜ አየሁ። ጤናዬ፣ እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ከሱቅ በር በላይ የተጻፈውን በጣቴ እየተከተልኩ፣ አላፊ አግዳሚውን እየጠየቅሁ ነው። ትምህርት ቤት ማለት ልጅ በአንድ ድምፅ የሚጮኽበት፣ መምህሩም አለንጋ ይዞ የሚዞርበት ይመስለኝ ነበር። የሻሽወርቅ እጅ ላይ አለንጋ የለም። መሬት ላይ ውኃ የሞላ ሳፋ አስቀምጣ፣ ልጆቹን ዙሪያውን አስቀምጣ፣ እንጨት፣ ጠጠር፣ ቡሽ፣ ገል፣ ምስማር ታድላቸዋለች። እያንዳንዱ ልጅ ውኃው ውስጥ ከመጣሉ በፊት ይሰጥማል ወይም ይንሳፈፋል ብሎ መናገር አለበት።

አንዱ ድንቢጥ የሚያህል ልጅ፣ ብረት ሁልጊዜ ይሰጥማል ብሎ ማለ። ምስማሩን ጣለው፤ ሰጠመ። ደረቱን ነፋ። ያን ጊዜ ባዶ የሰርዲን ጣሳ ሰጠችው። ውኃው ላይ ቢያስቀምጠው ተንሳፈፈ። ልጁ ተናደደና ጣሳውን በጣቱ እየነካካ፣ አንተ ውሸታም! አለው። ሌሎቹ ተንከተከቱ። እሷ ግን አልሳቀችበትም፤ መልሱንም አልነገረችውም። ጣሳው አልዋሸህም፣ ያልጠየቅኸው ነገር አለ ብላ፣ ጣሳውን በድንጋይ ቀጥቅጣ፣ አጣጥፋ፣ ድፍን አድርጋ መለሰችለት። ጣለው፤ ሰጠመ። ልጁ የተጣጠፈውን ጣሳ ከውኃው አውጥቶ አገላበጠና፣ ለካስ ያንሳፈፈው ሆዱ ነው! አለ። እኔም መስኮቱ ላይ ሆኜ ሳላስበው፣ ጎሽ! ብዬ ጮኽኩ።

ዘወር ብላ አየችኝ። አልደነገጠችም። ወጥታ ጉልበቴን ስማ ይዛኝ ገባችና፣ ልጆች፣ ጨርቅ የሚያውቁ ሰው መጥተውልናል አለች። ከዚያ በነጠላዋ ዓይኔን አሰረችው። ያን ጨዋታ አወቅሁት። ሕፃን ሳለች ሱቅ ውስጥ አልቀመጥ ስትለኝ ዓይኗን አስሬ፣ ጋቢውን፣ ቡልኮውን፣ አቡጀዲውን እጇ ላይ እያስቀመጥኩ ምን እንደሆነ አስለያት ነበር። አንቺም አንድ ጊዜ ለጥምቀት መጥተሽ ተጫውተሽ በሕፃን ተሸንፈሻል። አንድ ልጅ፣ እትዬ፣ ይህን ጨዋታ ከየት ተማርሽው? ብሎ ጠየቃት። ከሸማ ተራ አለችው።

ልጆቹ ጆንያ ሰጡኝ፣ አወቅሁ። የበርኖስ ቁራጭ፣ ሐር፣ የፍየል ቆዳ ሰጡኝ፤ ሁሉንም አወቅሁ፤ ባወቅሁ ቁጥር ጩኸታቸው ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። በመጨረሻ አንድ ስስ፣ ቀዝቃዛ፣ የሚያንሸራትት ነገር መዳፌ ላይ አረፈ። አሸሁት፣ አሸተትኩት፣ ጉንጬ ላይ አደረግሁት። ድርም የለው ማግም የለው። ሞራ ነው አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ነፊሳ ከሁሉ በላይ እየጮኸች፣ አባባ፣ የአባዬ ላስቲክ ነው! አልነካም ያሉት ነው! አለች። የሻሽወርቅ ዝም አሰኘቻቸውና፣ አባቴ ነክተውት ስለማያውቁ ነው፤ አሁን ግን ነክተውታል አለች።

ልቆጣ ሄጄ ሳልቆጣ ተመለስኩ። እኔ ጨርቅ አውቃለሁ፤ በዚህ ተራ የሚስተካከለኝ የለም። ያወቁትን ነገር ግን ሳይጮኹ፣ ሳይመቱ፣ ከራስ እጅ አውጥቶ ሌላ ሰው እጅ ላይ ማስቀመጥ ሌላ ሙያ ነው። ያን ሙያ ያየሁት በልጄ ነው።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ልጄ የማትተወው ሥራ አላት አልኳቸው። ቃልህስ? አሉኝ። የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ያነሣሁትም እኔ ነኝ አልኳቸው። እንዲያው ዕድሜዋን ሙሉ ከሕፃናት ጋር ውኃ ስትራጭ ልትኖር ነው? አሉ። አዎን፣ ስትራጭ ልትኖር ነው አልኩ። ተነሥተው ሄዱ። ቅዳሜ የሻሽወርቅ ስትመጣ ጋዜጣዬን አጥፌ፣ የዚያን ጣሳ ሆድ ነገር እስቲ አስረጂኝ አልኳት። እስክትሄድ ድረስ ስታስረዳኝ ዋለች። ሸዋርካብሽ ጓዳ ገብታ ስትስቅ ሰማኋት።

አሁን አንድ ነገር አዝሻለሁ። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ስታገኚ የቀርከሃ ቁራጭ፣ የበሬ ቀንድ፣ ያልተፈተለ የበግ ፀጉርና ያልነጠረ ሰም ላኪልኝ። የመርካቶ ልጆች ቀርከሃ በእጃቸው ይዘው አያውቁም። ሰሙን እንዳታቀልጪው፤ እነሱ ናቸው የሚያቀልጡት።

አገኘሁን ሳልህን በብርድ አታባብሰው በይልኝ። ልጅሽን አበራሽን ግንባሯን ሳሚልኝ። ጎረቤትሽን ጎበዜን፣ በሬዎቹ እንዴት ናቸው ብሏል በይው። ሸዋርካብሽ ጉንጭሽን እየሳመች እጅግ አድርጋ ሰላም ትልሻለች። የሻሽወርቅም እንደዚሁ።

በስሜ መዋሸትሽን አልረሳሁም። ልክ ነበርሽም አላልኩም፤ አልልምም። ነገር ግን ከእንግዲህ ይህ ነገር ከአፌም ከብዕሬም አይወጣም። አንቺም ብታነሺብኝ፣ ሌላውም ሰው ቢያነሣብኝ፣ አልመልስም። አበቃ።

ወንድምሽ ደመቀ

አዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ፣ ሸማ ተራ
ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.