የገዛ ልጄን በጉዲፈቻ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለታውኖ፤

እንዴት ከርመሃል? የአላስካ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ያ የሚያስቸግርህ ጉልበትህስ ተሻለው? ባለቤትህ ማርሊስ? መንትዮቹስ? እማዬ ደህና ናት፤ ዛሬም የደጁን በረዶ ራሷ ነው የምትጠርገው፣ ተይ ብላት አትሰማኝም። ትሮይም ደህና ነው። ልጄ ኢዳ አራት ወር ሞላት፤ ግንባሯ ቁርጥ ያንተ ነው። እኔም ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር። ላንተ ምን ልዋሽ፣ ንድድ ብያለሁ።

ማህፀኔ በዚያ በሽታ ከወጣ በኋላ፣ ከእኔና ከባሌ ከትሮይ የተገኘውን ጽንስ ጎረቤታችን ጆሊን ተሸክማ እንደወለደችልን ታውቃለህ። «ለአንቺ ካልሆንኩ ለማን ልሆን ነው?» ብላ ነው የገባችበት። ጠበቃ የያዝነው በእርግዝናው ስድስተኛ ወር ነው። ማዶ ባለው ወረዳ ዳኛው ልጁ ሳይወለድ ጽንሱ የተገኘባቸውን ወላጆች ስም በትእዛዝ ይጽፋል፣ የእኛው ዳኛ ግን እንዲህ ያለ ወረቀት አይፈርምም አለን። በዚህ ግዛት ሕግ እናት ማለት የወለደችው ናት፤ አባት ደግሞ የእሷ ባል። በቃ።

የኛን የሃንኮክን ሰው ደግሞ ታውቀው የለም? ሰው ከማስቸገር ሞት ይሻለናል። ጆሊን በወለደች ማግስት አንዲት የሆስፒታል ሠራተኛ ቅጽ ይዛ መጥታ «አባት እዚህ ጋ ይፈርሙ» ስትል፣ የጆሊን ባል ዌይን ሴትየዋን ላለማስቸገር ብሎ ፈረመ። ትሮይ አጠገቡ ቆሞ ነበር፤ እሱም ሰው ፊት መከራከር አፍሮ ዝም አለ! እኔ ልጄን ታቅፌ ስለነበር ሲፈርም አላየሁም። ሁለት ትልልቅ ወንዶች በይሉኝታ ልጄን በሌላ ሰው ስም አስመዘገቧት። ዌይን እስካሁን ሲያየኝ ኮፍያውን እያወለቀ «ካይሳ፣ ምነው እጄን በቆረጠው» ይለኛል። እሱን መቆጣት አልሆነልኝም። ትሮይን ግን ሳምንት ሙሉ አላናገርኩትም።

ባለፈው ወር ኢዳን ትኩሳት ያዛት። ሆስፒታል ይዣት ስሮጥ፣ ለምርመራ ከጀርባዋ ፈሳሽ ለመውሰድ የእናት ፊርማ ያስፈልጋል አሉኝ። «እናቷ እኔ ነኝ» ብል መዝጋቢዋ ሴትዮ የኢዳን የልደት ወረቀት አይታ «እናትየዋን ይጥሩልን» አለችኝ። ታውኖ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ጮኬ አላውቅም። ጆሊን ከምትሠራበት ዳቦ ቤት ዱቄት የነካውን ሽርጧን ሳታወልቅ በዚያ በረዶ እየነዳች መጣች። «ለሷ ልጅ እኔ ልፈርም? ጉድ እኮ ነው! ዓይን የላችሁም እንዴ?» እያለች፣ እያለቀሰች ፈረመች። ትኩሳቱ ቀላል ሆኖ ተገኘ። የእኔ ንዴት ግን አልበረደም።

አሁን የገዛ ልጄን በጉዲፈቻ እየወሰድኳት ነው። አሻራ ሰጥተናል። ቤታችንን የምትመረምር ሴት ሐሙስ መጥታ ቁምሳጥኑን ከፈተች፣ የቧንቧውን ውሃ ሙቀት ለካች፣ ጓሮ ያለውን የእንፋሎት መታጠቢያ ጎጆ፣ ሳውናችንን፣ ስታይ ደግሞ «ሕፃን ባለበት ቤት ይህ እሳት ምን ያደርጋል?» አለች። እማዬ «እኔ ራሴ እዚህ ውስጥ ነው የተወለድኩት፤ ያኔ እናቴን ፈቃድ አሳዪ ያላት የለም» ብላ መለሰችላት። ሴትየዋ ይህንንም ጻፈች። በሩ ላይ ቁልፍ አድርጉ ተባልን። አያታችን የሠራው በር ቁልፍ አያውቅም ነበር፤ ትሮይ ዛሬ ጠዋት ገጠመለት።

የምጽፍልህም ለዚሁ ነው። ፍርድ ቤቱ ከዘመድ ምስክርነት ይፈልጋል፤ ቅጹን አብሬ ልኬልሃለሁ። «ለአመልካቿ ልጅ ቢሰጣት ይደግፋሉ?» ይላል፣ ከሥሩ «አዎ» እና «አይ» አለ። ጠበቃው ዳኛውን እንዳናስቆጣ «አዎ» ላይ ብቻ ምልክት ይደረግ ይላል። አንተም የኛው ልጅ ነህና ሰው ላለማስቸገር እሺ ትላለህ ብዬ ፈራሁ። ልጄ ከእኔና ከትሮይ መሆኗን፣ ማንም ለእኔ የሚሰጠው ልጅ እንደሌለው ጻፍልኝ። ቦታው ካልበቃህ በጀርባው ቀጥል። አንድ ጊዜ እንኳ ለኢዳ ስትል ሰው አስቸግር።

ለማርሊ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የሠራችው የሱፍ ካልሲ ለኢዳ ልኳ ሆኗል። መንትዮቹን፣ ኦወንንና ሌንን፣ ጉንጫቸውን ሳምልኝ። እማዬና ትሮይ ሰላም ብለውሃል። በወረቀት የኢዳ ወላጆች የሆኑት ጆሊንና ዌይንም ሰላም ብለውሃል።

እህትህ ካይሳ፣ የኢዳ እናት

ሃንኮክ፣ ሚሺጋን
ማርች 9 ቀን 2021