አነጋገር እንድታርሚ የጠራሁሽ ቀን

ውድ አክስቴ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? እኔ ከተለያየን ጀምሮ አፌን ይዤ ነው ያለሁት። የምጽፍልሽ ፈቃድሽን ለመጠየቅ ነው። በስልክ ልጠይቅሽ ደውዬ ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ ስለ ጉልበትሽ ብቻ አውርቼ ዘጋሁት።

በምጽፈው የወንጀል ድራማ ውስጥ ከእኛ አገር የመጣች አንዲት እናት አለች። ያገራችን ሰዎች እየደወሉ ልክ ልኬን ነገሩኝ። "ሴትዮዋ ድንች እያላመጠች ነው እንዴ የምታወራው?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ተዋናይዋ ቃሉን ሁሉ እንደ ማስቲካ ትጎትተዋለች። መርማሪያችንም ብትይ፣ ሐዘን ቤት ጥቁር መነፅር አድርጎ ገብቶ እግሩን አነባብሮ ይቀመጣል። የማን አሳዳጊ የበደለው ነው አትይም? እንዲህ አድርጌ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አዘጋጁ "አነጋገሯን የሚያርም ሰው አምጣ" ሲለኝ አንቺን ጠራሁ። የሚቀረጸው እናትየው የልጇን አስከሬን የምትለይበት ክፍል መሆኑን ግን አልነገርኩሽም። ልጅሽ ቀጮ፣ መኪና ገጭቶት ከሞተብሽ ስድስት ዓመት ስለሆነው፣ ጠንክራለች ብዬ ነው። በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ይሉሻል ይሄ ነው።

ተዋናይዋ አንሶላውን ገለጠች፣ ጮኸች፣ ወደቀች። አዘጋጁ ወዳንቺ ዞሮ፣

"እማማ፣ አነጋገሯን እንዴት አዩት?" አለሽ።

"አነጋገሯስ ይታረማል ልጄ። እናት ግን እንዲህ ናት እንዴ?"

"እንዴት ናት ታዲያ?"

ቦርሳሽን አስያዝሽኝና ወደ አልጋው ሄድሽ። የሞተ መስሎ የተኛው ተዋናይ የሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ ተከፍቶ ነበር፤ ቆለፍሽለት። ፀጉሩን ከግንባሩ ላይ መለስ አደረግሽለት። ከዚያ የሬሳ ክፍል ጠባቂ ሆኖ የሚተውነውን ሰውዬ ቀና ብለሽ አየሽውና ቀስ ብለሽ፣ "አዎ፣ የኔ ነው። አንድ ነገር ብትደርቡለት፤ ብርድ አይችልም" አልሽው።

ወይ አክስቴ! መብራት የሚይዘው ሰውዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሬሳው እንኳን፣ ዓይኑን እንደጨፈነ፣ እንባው በጆሮው በኩል ወረደ። አሥራ አንድ ዓመት ስጽፍ አንድም ቀን እንዲህ ያለ ነገር ከእጄ አልወጣም፤ ወደፊትም አይወጣም። ይህን ሁሉ በሆዷ ይዛ ነው ወይ ስትስቅልን የኖረችው? አልኩ። ያሳደግሽኝን ሴትዮ ያን ቀን ገና አየኋት።

ካሜራው አልጠፋም ነበር። አዘጋጁ "የሳቸው እንዳለ ይተላለፍ" ይላል፤ ሰኞ መልስ ይፈልጋል። ቅጂው እኔ እጅ ነው። እምቢ ካልሽ አጠፋዋለሁ፤ ቢያባርረኝም ያባርረኝ።

ስትወጪ በሩ ላይ ያልሽኝ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። "እኔም እኮ ያኔ መጮህ አምሮኝ ነበር። ብወድቅ የሚይዘኝ ሰው ስለሌለ ነው።"

ቀጮን ልትለዪ ሬሳ ክፍል የሄድሽ ቀን "ሥራ ይዞኝ ነው፣ አብሬሽ መሄድ አልችልም" ያልኩሽ ውሸት ነው። ቤቴ ነበርኩ። እሱን እንደዚያ ሆኖ ማየት ፈርቼ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፌ ቁጭ ብዬ ነበር። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ መጀመሪያ እወቂው።

ቅዳሜ እመጣለሁ። መጮህ ካማረሽ ጩኺ፤ እኔ እይዝሻለሁ።

ያሳደግሽው ልጅሽ