ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት

ሰኞ

ከአርባው ኮምፒውተር አሥራ አንዱ “ፈተናው ገና አልተከፈተም” አሉ። አራቱ “ፈተናው ተዘግቷል” አሉ። ሃያ አምስቱ ብቻ በሰላም ከፈቱ። አንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ደቂቃ! ለሙከራ ያስገባኋቸው ተማሪዎች በሳቅ ሞቱ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ከዚያ ዕቃ ክፍል ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ።

ጣጣው የሰዓት ነው። ፈተናው ሦስት ሰዓት ላይ ራሱ ይከፈታል፤ አርፍዶ የገባውን አይቀበልም። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ደግሞ የሚያምነው የራሱን ሰዓት ነው። ኢንተርኔት ቢኖር ከዚያ እያዩ ይስተካከሉ ነበር። ፈተና እንዳይሰረቅ ኢንተርኔት አይግባ ብሎ የተሟገተው ማነው? እኔው። ሰዓቱን የምትይዘው ውስጣቸው ያለችው ትንሽ ባትሪም በአብዛኞቹ ሞታለች። መብራት በጠፋ ቁጥር ያሻቸውን ዓመት ይዘው ይነሳሉ። አንዱማ እኔ ገና ስምንተኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመት ላይ ነው።

ቅዳሜ ሃያ ሁለት ልጆች ከአንገር ጉቲን ይመጣሉ፣ ለትምህርት ቤታችን ነፃ የትምህርት ዕድል ሊወዳደሩ። መኪና የተለመነላቸው ለአንድ ቀን ነው። ተዘግቶባቸው ቢመለሱ ሌላ ዕድል የላቸውም። ዳይሬክተሩ መቆጣት አያውቁም። “ሰናይት፣ እስከ ዓርብ ካልሆነ አትምጡ ብዬ እደውልላቸዋለሁ” ብቻ አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ

ተሳካ! ፈተናው ያለበትን ዋናውን ኮምፒውተር እናት አደረግኩት። አርባዎቹ ሲበሩ ሰዓት የሚጠይቁት እሱን ነው። ከወንበር ወንበር ስዞር ዋልኩ፣ ወገቤ የለም። ግን አርባውም እኩል ሆኑ። ሁለቴ ዞሬ አየሁ።

የሚያሳስበኝ እናትየው ራሱ ቢሳሳት ነው፤ አርባውን ይዞ ገደል ይገባል። ስለዚህ ኦቦ ቶሌራን አደራ አልኳቸው። ጠዋት ጠዋት ክፍሉን የሚከፍቱት፣ አቧራውን የሚጠርጉት እሳቸው ናቸው። ሰዓት የሚስተካከልበትን ቦታ አሳየኋቸው፤ “ልክ ካልሆነ ያስተካክሉልኝ” አልኳቸው። በእጅ ሰዓታቸው የሚኮሩ ሰው ናቸው፣ በየማለዳው ከሬዲዮ ዜና ጋር ያመሳክሩታል።

ረቡዕ

ወይ ጉድ። አርባውም አንድ ላይ ተሳስተዋል! ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ። የተመረጠለትን የአገር ሰዓት አየሁ፣ ልክ ነው። ገመዱን አየሁ፣ ልክ ነው። የእናትየው ባትሪ ነው ብዬ ገበያ ወርጄ አዲስ ገዛሁ፣ ቀየርኩ፣ ሰዓቱንም አስተካከልኩ። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሰላም።

ሐሙስ

ዛሬም ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ፤ እንደገና አስተካከልኩ። ልክ ስድስት፣ ደቂቃ ሳይዛነፍ። ባትሪ ቢሆን እንዲህ አይጠነቀቅም። ምሳ አልበላሁም። ዳይሬክተሩ በመስኮት አዩኝና ሳይጠይቁኝ አለፉ። የአንገር ጉቲንን ልጆች አላውቃቸውም፤ ግን ቀኑን ሙሉ ዓይኔ ላይ ናቸው።

ዓርብ

በጠዋት ባጃጅ ይዤ መጣሁ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ።

ኦቦ ቶሌራ ገቡ። “አከም ቡልቴ” ብለው እንዴት አደርሽ አሉኝ። ወለሉን ጠረጉ። እናትየውን አበሩ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሰዓታቸውን አዩ፣ ማስተካከል ጀመሩ።

“ኦቦ ቶሌራ፣ ምን እያደረጉ ነው?”

“ያልሽኝን ነዋ፣ ኢንተላ ኮ። አንድ ሰዓት ተኩል ነው፣ ይሄ ሰባት ተኩል ይላል። ሦስት ቀን አስተካከልኩት፣ ዞሮ እዚያው። ይሄ ዕቃ ታሞብሻል።”

ኢንተላ ኮ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ሳቄ መጣ። ስድስት ሰዓት! ሕፃን የሚያውቀውን የእኛንና የፈረንጁን አቆጣጠር ልዩነት እኔ ሁለት ቀን ገመድ ውስጥ ፈለግኩት። ልክ ካልሆነ ያስተካክሉ ያልኩ እኔ፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ያልነገርኩ እኔ።

ሳስረዳቸው ግን አልሳቁም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና “የልጆቹን ፈተና ላበላሽ ነበር” አሉ። አንጀቴን በሉት። እናትየውን በይለፍ ቃል ልቆልፈው ጀምሬ ነበር፣ ተውኩት። አደራ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ወረቀት ላይ ጻፍኩ፦ በግራ የእጅ ሰዓት፣ በቀኝ ኮምፒውተር። አንድ ሲል ሰባት፣ ሁለት ሲል ስምንት፣ ሦስት ሲል ዘጠኝ። እናትየው ጎን ለጠፍነው፣ ቁልፋቸውንም መለስኩላቸው። ለዳይሬክተሩ “ይምጡ” አልኳቸው።

ቅዳሜ

ልጆቹ ሁለት ተኩል ላይ ደረሱ፣ አቧራ ለብሰው። ስልክ ሁሉ ተሰብስቦ ቢሮ ተቆለፈ፣ የእኔም ጭምር። ይህንንም ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል መብራት ጠፋ።

ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ እናትየው ተነሳ፣ ግን ያረጀ ዓመት ይዞ። አዲስ ነው ተብዬ የገዛሁት ባትሪ የሞተ ኖሯል! ክፍሉ ውስጥ የግድግዳ ሰዓት የለም፣ ስልክ የለም። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠች ልጅ “ቲቸር፣ ይከፈታል አይደል?” አለችኝ።

ኦቦ ቶሌራ ሳልጠራቸው ከበሩ መጡ። ቀኑን እኔ አስተካከልኩ። እሳቸው ሰዓታቸውን አዩ፣ ወረቀቱን በጣታቸው ተከተሉ፣ “ለእኔ ሁለት ከሃምሳ፣ ለእሱ ስምንት ከሃምሳ” አሉ። ጻፍኩ። አርባውን አጥፍቼ እንደገና አበራሁ። ከዚያ ቆመን ጠበቅን።

ሦስት ሰዓት ላይ መጀመሪያ የመስኮቱ መስመር ተከፈተ፣ ከዚያ መሃሉ፣ ከዚያ ኋላው። አርባውም። ኦቦ ቶሌራ አንዴ እጃቸውን፣ አንዴ ኮምፒውተሩን አዩና መጥረጊያቸውን ይዘው ወጡ።

ማን እንደሚያልፍ አላውቅም። ግን ሃያ ሁለቱም ገቡ።