የምታለቅሰው በቀቀን

ሰርኬ፣
ዝምተኛዋን በቀቀን ግዢ ብለሽኝ ነበር፤ በምን አቅሜ? ይቺኛዋ ለምን እንደረከሰች ሻጩን አፋጥጬ አወጣጣሁት። የቀድሞ አሳዳሪዋ፣ ልጇ ተገድሎባት ልቅሶ ተከልክላ ኖሯል። በሹክሹክታ ስታለቅስ ወፏ ለመደችው። "መኳንንቴ፣ መኳንንቴ" እያለች የልጁን ስም የምትጠራው ለዚያ ነው።

እናትየዋ ትፈልጋት እንደሆነ ልጠይቅ አየር ጤና ሄጃለሁ።
እስክመለስ እንደ ዛትሽው አንገቷን እንዳትጠመዝዢ። ሱፍ ስጫት። ጨርቅም አትጣይባት፤ አንቺን ስታንኮራፊ ማን ሸፈነሽ?

አብዮት ጥበቃዎቹ ዛሬም "ማነው የሚያለቅሰው?" ብለው ከመጡ፣ አሮጊቷ ወለተጻድቅ ናት በያቸው።
ውሸት አይሆንብሽም። ትናንት ወፏ ዝም ስትል፣ በራሴ ልጅ ስም ልቅሶውን የቀጠልኩት እኔ ነኝ።

ወለተጻድቅ