«በሩ ክፍት ነው» ላሉን የሩቅ አገር ክቡር ሰው

ለተከበሩ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በምርጫው ሰሞን ስለከፈቱልን በር ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን ከነቤተሰብዎ በጤና፣ ወንበርዎንም ሳይነቃነቅ እንዲያገኝልኝ እመኛለሁ። በእኛ ቤት ወግ ሰላምታ የሚጀመረው በአረብኛ ነበር፤ ሆኖም ክቡርነትዎ ያንን ቋንቋ ሲሰሙ ምን እንደሚሰማዎት በየመድረኩ ስለገለጹ፣ ገና ከመነሻው እንዳላስደነግጥዎ ብዬ በአማርኛ ጤና ይስጥልኝ ብያለሁ።

ሙህዲን እባላለሁ። አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሰባተኛ ላይ የስፖንጅ ፍራሽ እሸጣለሁ። በአካል ባንተዋወቅም፣ ለመራጮችዎ ያስተዋወቁኝ እርስዎ ነዎት። ባለፈው ምርጫ በቴሌቪዥን ባስነገሩት ማስታወቂያ ላይ፣ ከሚጎርፈው ሕዝብ ፊት ፊት፣ ፍራሽ በራሱ ተሸክሞ አፉን ከፍቶ የሚሮጠው ወፍራም ሰውዬ እኔ ነኝ። በላዬ ላይ የእርስዎ ድምፅ «ድንበራችን ተጥሷል፤ በሩ ክፍት ነው፤ የመጣ ሁሉ እየገባ ነው» ይላል። ቤተሰቤ ውስጥ በቴሌቪዥን የታየ ሰው ከእኔ በፊት ስላልነበረ፣ ስለ ክብሩ አስቀድሜ አመሰግናለሁ። ቅሬታዎቼን ደግሞ፣ ጊዜዎን እንዳላባክን፣ በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ። ፎቶግራፉ የተነሳው በ2007 ዓ.ም. ሐምሌ፣ የረመዳን ፆም ሊፈታ ሰሞን፣ እዚሁ ሰባተኛ ነው። ገበያው ጢም ብሎ ሳለ ዶፍ ዝናብ ወረደ። ስፖንጅ ደግሞ ውሃ ከጠጣ አበቃለት፤ ስለዚህ ሮጥን። ከኋላዬ ጥቅል ፍራሽ የተሸከመው ደምመላሽ የተባለ ተሸካሚያችን ሲሆን፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ያለው አብነት ሰፈር ድረስ ዕቃ አድርስ ሲባል እንኳ ሩቅ ነው ብሎ የሚነጫነጭ ሰው ነው። ፕላስቲክ ከራሷ በላይ የዘረጋችው ሀጅራ ስትሆን የምታድነው በርበሬዋን ነበር። ፎቶውን ያነሳው የውጭ አገር ሰው በሱቄ ቆርቆሮ ጠርዝ ሥር የተጠለለ እንግዳዬ ነበር፤ ፎቶው ከእሱ እጅ እንዴት እርስዎ ዘንድ እንደደረሰ አላውቅም። ብቻ ያ አገርዎን ሊወር ተነስቷል ያሉት ጦር ከዝናብ እየሸሸ ነበር። ማስታወቂያው በስልክ በስልክ ዞሮ መርካቶ ሲደርስ ጎረቤቴ ጠይብ ሱቄ በር ላይ ቆሞ «ሙህዲን፣ አሜሪካ ገብተህ ስትመለስ ካልሲ እንኳ አታመጣልንም?» አለኝ፤ መንደሩ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ።

ሁለተኛ። ያልሳቀው ታናሽ ወንድሜ ኢርፋን ነበር። ኢርፋንን አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ አካውንቲንግ ተምሮ፣ ሥራ አጥቶ፣ አብሮኝ ፍራሽ ይሸጥ ነበር። በዚያ ዓመት ሱቆቻችን ለልማት ይፈርሳሉ ተብሎ፣ መቼ እንደሆነ ግን የሚነግረን ጠፍቶ፣ ሁላችንም አንድ እግራችንን ከሱቅ አንድ እግራችንን ከውጭ አድርገን የምንውልበት ጊዜ ነበር። ሚስቱ ሰልሰቢል ገና ማርገዟ ነው። ማስታወቂያውን መልሶ መላልሶ ከሰማው በኋላ እንደሚሄድ ነገረኝ። ፎቶው የሰባተኛ መሆኑን ላስታውሰው ስጀምር አቋረጠኝ።

«ጋሼ፣ የፎቶውን ተወው፤ ውሸት እንደሆነ አውቃለሁ፣ አንተው አለህበት። እኔ የምልህ ንግግሩን ነው።»

«ፎቶው ውሸት ከሆነ ንግግሩ እንዴት እውነት ይሆናል?» አልኩት።

«ፎቶ የሚለጥፈው ሠራተኛ ነው፣ ይሳሳታል። ንግግሩን ግን ትልቁ ሰውዬ በገዛ አፉ ነው የተናገረው። ሰው ስለ ጠላቱ ቤት ይዋሻል፤ የራሱን በር ክፍት ነው ብሎ የሚዋሽ ማን አለ?»

ጥያቄውን ለእርስዎ አስተላልፌዋለሁ፣ ክቡርነትዎ። እኛ ያደግነው ሹማምንቱ ቤቱ ሲቃጠል «ሙቀት ነው» በሚሉበት አገር ነው። እዚህ ምክር ቤቱ መቶ በመቶ የአንድ ወገንና የአጋሮቹ ስለሆነ፣ ተቀናቃኝን ለማሸነፍ ሲባል የራስን ቤት ማማት የሚባል ጥበብ አልደረሰንም። ወንድሜ አንድ ባለሥልጣን በገዛ አገሩ ላይ ክፉ ሲናገር ሲሰማ፣ ይህ እውነተኛ ሰው መሆን አለበት ብሎ ደመደመ። ሰልሰቢል ሻንጣውን ደብቃ አለቀሰች፤ እኔም ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፤ እሱ ግን በመስከረም ሄደ።

ብራዚል ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ ወዲያ በአውቶቡስ፣ በጀልባና በእግር ተጓዘ። ኮሎምቢያን ከፓናማ በሚለየው ጫካ ውስጥ ወንዝ ሞልቶ ቦርሳውን ከነፓስፖርቱ ወሰደበት። እርሱ የተረፈው አንዲት ሄይቲያዊት ሻርፕዋን ስለወረወረችለት ነው። ድንበርዎ ሲደርስ ሌሎቹ ጨለማ ሲጠብቁ፣ ወንድሜ ፊቱን ታጥቦ፣ በቀጥታ ወደ በሩ ሄዶ ተሰለፈ። ዘበኛው ለምን እንደመጣ ሲጠይቀው የእርስዎን ስም ጠራ። ወዲያው ካቴና አጠለቁለት።

ሦስተኛ፣ ይኸኛው ጥቂት ስለሚረዝም ይታገሱኝ። ኢርፋን የታሰረበት ግቢ ያለው እርስዎ በተመረጡበት ወረዳ ውስጥ ነው። ሲመረቅ ሪባኑን የቆረጡት እርስዎ እንደነበሩና ለአካባቢው ሰው ብዙ ሥራ እንደሚፈጥር እንደተናገሩ አንድ ዘበኛ ነግሮታል። የሚመጡትን ሰዎች እየረገሙ በሚመጡት ሰዎች ወረዳን ማስተዳደር ከፍ ያለ ችሎታ ስለሚጠይቅ አድናቆቴን ሳልገልጽ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል።

በየካቲት ደግሞ ምርጫውን አሸንፈው ሲያበቁ፣ «በእኔ ወረዳ በሩ አንድም ቀን ክፍት ሆኖ አያውቅም» ብለው ተናገሩ። አንድ ጋዜጠኛ ስለ እኔ ፎቶ ሲጠይቅዎ፣ «ፎቶው የሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል፤ መልእክቱ ግን እውነት ነው» አሉ። የትኛው መልእክት እንደሆነ ግን አልነገሩትም፤ የነሐሴው ማስታወቂያ ይሁን የየካቲቱ ንግግር እኛም አልገባንም። ኢርፋን በአስተርጓሚ በኩል ዳኛውን፣ ንግግርዎ እንዲታይለት ለመነ። ዳኛውም በትሕትና «የምርጫ ንግግር ማስረጃ አይሆንም» አሉት። በአገርዎ ያገኘው የመጀመሪያው ቀጥተኛ መልስ ይኸው ነው።

ለእርስዎ ብቻ አድልቼ እንዳይመስልብኝ ተቀናቃኝዎንም ላመስግን። እኚያ እመቤት በምርጫው ማግስት፣ መሸነፋቸው ከተረጋገጠ በኋላ፣ ከእስር ቤቱ አጥር ፊት ቆመው በካሜራ ፊት አልቅሰዋል። ወንድሜ በጥር ሲገባ እስረኞቹ ነገሩት፤ ለቅሶው በየወሩ ስለሚደገም በመጋቢት በመስኮት በዓይኑ አየ። ደስ ብሎት ደወለልኝ፦ «ጋሼ፣ ስለ እኛ የሚያለቅስ ተገኘ!» በማግሥቱ ድምፁ ወርዶ ነበር። ለካ ግቢው እንዲሠራ በጀቱን ሲያጸድቁ እጃቸውን ካወጡት መካከል አንዷ እሳቸው ነበሩ፤ ያኔ ሥልጣኑ በወገናቸው እጅ ስለነበር ሕንፃው ሰብአዊ ነበር። የሁለታችሁ ወገኖች ምልክት ዝሆንና አህያ መሆኑን ሰምተናል፤ የትኛው የማን እንደሆነ እኛ ሰባተኛ ላይ እስካሁን እንቀያይራለን፤ ለኢርፋንም የሚለውጥለት ነገር አላገኘንም።

ወንድሜ በመጨረሻ «እሺ፣ መልሱኝ» አለ። ክቡርነትዎ መራጮችዎን «እንመልሳቸዋለን» ብለው ቃል ስለገቡላቸው ይህስ ደስ የሚያሰኝዎ መስሎን ነበር። ሰዎችዎ ግን ፓስፖርት ስለሌለው ያለ አገሩ ማረጋገጫ አንልክም አሉ። እኔ እዚህ ቢሮ ለቢሮ ተንከራትቼ ማረጋገጫውን ስጠይቅ፣ የእኛዎቹ ደግሞ «ባለጉዳዩ በአካል ይቅረብ» አሉኝ። ባለጉዳዩ በአካል መቅረብ ቢችል ኖሮ ወረቀቱ እንደማያስፈልገው ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ጸሐፊዋ አዘነችልኝ፤ መመሪያው ግን አላዘነልኝም። በዚህ ጉዳይ ሁለቱ መንግሥታት ያለ አንዳች ድርድር ስለተስማሙ ደስ ሊለን ይገባል።

በግንቦት ሰልሰቢል ሴት ልጅ ወለደች። በእኛ ሃይማኖት አባት አዲስ ለተወለደ ልጁ በጆሮው አዛን ይላል። ኢርፋን ተራ ጠብቆ ደወለ፤ ስልኩን ከሕፃኗ ጆሮ አጠገብ ያዝኩለት፤ አዛኑን ጀመረ። ሳይጨርስ የተፈቀደለት ጊዜ አልቆ መስመሩ ተቋረጠ። ሰልሰቢል ቀና ብላ አየችኝ። የቀረውን እኔ ጨረስኩት፤ እጄ ላይ ያለው ስልክ ግን እስክጨርስ ድረስ ከጆሮዋ አልተነሳም።

ከዚያ ወዲህ ስለ መፈታቱ አልጠየቀችኝም። አንድ ቀን ብቻ፣ ልጇን እያጠባች፣ «ጋሼ፣ ሌባ ቢሆን እኮ የሚፈታበትን ቀን ይነግሩት ነበር» አለች። ይህንን ቅሬታ ቁጥር የምሰጥበት አቅም ስላጣሁ ያለ ቁጥር አስቀምጬልዎታለሁ።

ክቡርነትዎ ሆይ፣ ካሳ አልጠይቅም፤ ይቅርታም አልጠይቅም፣ እሱ በአገርዎ ከምርጫ በፊት ዋጋው ውድ፣ ከምርጫ በኋላ ደግሞ የማይፈለግ ዕቃ መሆኑን ተረድቻለሁና። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ከሁለቱ ንግግሮችዎ አንዱን ይምረጡልን። በሩ ክፍት ከነበረ፣ በክፍት በር ገብቶ የተሰለፈውን ሰው ይፍቱት። ዝግ ከነበረም በዚያው ቴሌቪዥን፣ በዚያው ድምፅ፣ ዝግ እንደነበር ይናገሩ።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ዝናዬ፣ እንዲሁም ማን በገዛ ቤቱ ላይ እንደሚዋሽ ስላስተማሩን ከልብ እያመሰገንኩ፣ ለሚቀጥለው ምርጫ ብርቱ ጉሮሮ እመኝልዎታለሁ።

በማይመርጥበት ምርጫ ተሸንፎ የቀረው፣
ሙህዲን፣ ከሰባተኛ
ሐምሌ 2009 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለተቀናቃኝዎ፣ ከእንባቸው ሲያርፉ እንዲያነቡት

ይድረስ በድጋሚ፦ ደብዳቤውን አሽጌ ሳልጨርስ ከአብነት ሁለት ወንድማማቾች ትናንት መንገድ መጀመራቸውን ሰማሁ። ጠይብ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄዶ፣ የኢርፋንን ታሪክ ነግሮ፣ እጃቸውን ይዞ ለምኗቸው ነበር። ታላቁ የእርስዎን የነሐሴ ንግግር ስልኩ ላይ ከፍቶ፣ «ጋሼ ጠይብ፣ እርስዎን እንመን ወይስ የአሜሪካን ምክር ቤት?» አለው። ምናልባት መራጮችዎን ለማስፈራራት ሲጮሁ እዚህ ድረስ እንደሚሰማ የነገረዎ የለም። እነዚህ ልጆች የእርስዎ ጥሪ የደረሳቸው እንግዶች ናቸውና፣ በሩ ላይ ሲደርሱ ወጥተው እንዲቀበሏቸው በአክብሮት አሳስባለሁ።