ብር የሚያሳየው የሪያድ ስልክ

ውድ ረድዋን፣

አሰላሙ አለይኩም። «ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ የሚጀመረው እንዲህ ስለሆነ ነው እንጂ ንዴቴ የበረደ እንዳይመስልህ። ማክሰኞ ከጀውሃ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ፊቴን አይተው «ልጄ፣ ሰው ሞቶብሽ ነው?» አሉኝ። «አይ እማማ፣ ሰው ተገኝቶብኝ ነው» አልኳቸው።

ያን ዕለት ጥዬህ ሄድኩ። አሁን ግን የምናገረው ሞልቷል፤ ቁጭ ብለህ አንብብ።

የአባቴን ሱቅ ኢንተርኔት ላይ ያወጣሁት በአንተ ምክንያት እንደሆነ ታውቃለህ። ሪያድ በገባህ ሰሞን እናትህ እትዬ ኑርሃን ዘይት አልቆባቸው ተጨንቀህ «ምነው እዚህ ሆኜ የምገዛበት ሱቅ በኖረ» አልከኝ። እኔም አደረግኩት። ዓረብ አገር ያለ ልጅ በስልኩ ይገዛል፤ እኛ ዘይቱን፣ ስኳሩን፣ ማሾውን፣ ለአረፋ ደግሞ በጉን ሸዋሮቢት ያሉ ቤተሰቦቹ ደጅ እናደርሳለን። ሥራው ጥሩ ነበር። ችግሩ ዋጋው ሁሉ በብር መሆኑ ነው፤ ብሩ ደግሞ እንደምታውቀው አንድ ቦታ አይቆምም። ቀኑን ሙሉ «ይሄ በሪያል ስንት ነው?»፣ «በዲናር ስንት ይመጣል?» እያሉ ሲደውሉልኝ፣ እኔም ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ሒሳብ ስሠራ፣ አንድ ቀን ጨው ለጠየቀኝ ሰው ስኳር መዝኜ ሰጠሁት። ሰውየው ወጡን ከቀመሰ በኋላ ነው ተመልሶ የመጣው።

መናኸሪያው አጠገብ ስልክ የሚጠግነውን፣ ድረ ገጹንም የሠራልኝን ኤርሚያስን ለመንኩት። «ገንዘቡን ራሱ የሚመነዝር ነገር ጨምርልኝ» አልኩት። «ቀላል ነው» አለ። ኤርሚያስ «ቀላል ነው» ካለ ሦስት ሳምንት ማለት ነው።

መጀመሪያ የሠራው ስሙን ብቻ ነበር የሚለውጠው። ቁጥሩ እንዳለ ሆኖ «ብር» የሚለው «ሪያል» ሆነ። አሥራ ሁለት ሺህ ብር የነበረው በግ አሥራ ሁለት ሺህ ሪያል ሆኖ ዋለ። ናፊሳ ከጂዳ ደወለች። «ሐምዲያ፣ ይሄ በግ ነው ወይስ ላንድክሩዘር? ወላሂ፣ ለዚህ ዋጋ ተነድቶ ሳይሆን ነድቶ ነው መምጣት ያለበት!»

ኤርሚያስ አፍሮ እንደገና ሠራው። አሁን የዕለቱን ምንዛሪ ራሱ እያመጣ ያሰላል፤ ከዚያም በላይ ድረ ገጹን የከፈተው ሰው ያለበትን አገር ለይቶ ለጂዳው በሪያል፣ ለኩዌቱ በዲናር ያሳያል። «ማንም ምንም መጻፍ የለበትም» አለኝ ደረቱን ነፍቶ። «ገና ሲከፍተው የት እንዳለ ያውቅበታል።»

ሊሞከር ስለሚገባ በየአገሩ ላሉ ደንበኞች መልእክት ላክን፤ ዋጋው በየአገራቸው ገንዘብ መውጣት እንዳለበት ነግረን፣ ስልካቸው ላይ የሚታየውን ፎቶ አንስተው እንዲልኩልን። ናፊሳ ከጂዳ፦ ሪያል። የአጎቴ ልጅ ሙሀሲን ከኩዌት፦ ዲናር። አንተ ከሪያድ፦ ብር።

ከፎቶው ሥር የጻፍከውን እስካሁን አላጠፋሁትም። «ሐምዲዬ፣ እኔ ጋ ብር ነው የሚለው። ንገሪው፣ ያስተካክል።»

ኤርሚያስ ሁለት ቀን ምሳውን ትቶ ሲፈልግ ዋለ። ሠርቶ ላከልህ፤ አሁንም ብር። እንደገና ሠራ፤ ብር። በሦስተኛው በድምፅ ተቆጥተህ ላክህ። «ምን ዓይነት ባለሙያ ነው ይሄ? ሪያድን የሚያክል ከተማ እንዴት ይጠፋዋል? ደንበኛ ልታጡ ነው እኮ!» እኔም ያንተን ቁጣ ይዤ ኤርሚያስ ላይ ጮኽኩበት። ያ ትሑት ልጅ መፍቻውን አስቀምጦ «ሐምዲያ፣ በእመብርሃን እምልልሻለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ አይደለም። ይህ ሰው ሪያድ የለም» አለኝ። «ሰው በምንዛሪ ይታማል?» ብዬ በር ዘግቼበት ወጣሁ።

እሱ ግን ድረ ገጹ ላይ አንድ ነገር ጨመረ። ዕቃ የሚደርስበትን ቦታ በካርታ ማሳያ ነው። «ረድዋን ይሞክርልንና ነገሩ በዚያው ይለያል» አለ። ላክሁልህ። ሰውን መርዳት ስለምትወድ አላንገራገርክም፤ ተጫንከው። እኔና ኤርሚያስ ሱቅ ውስጥ ቆመን ስናይ ሰማያዊዋ ነጥብ ዞረች ዞረችና ጀውሃ ላይ ተቀመጠች። ከአስፋልቱ ዳር፣ ከባድ መኪኖች የሚያርፉበት። እኔ እንዳንተው «አስተካክለው!» ልለው ነበር።

ከዚያ ሁሉም ነገር አንድ በአንድ ይመጣልኝ ጀመር። ስንደዋወል ከጀርባህ «ካራቆሬ! ካራቆሬ! አንድ ሰው!» የሚል የሚኒባስ ረዳት ድምፅ ሰምቼ ስጠይቅህ «የሐበሻ ሰፈር ነው» ብለኸኝ ነበር። ለእናትህ የምታዝዘውን ዕቃ ከዓምና ጀምሮ «በጓደኛዬ በኩል» እያልክ በብር ነበር የምትከፍለው። እኛ ጋ ዝናብ ጣለ ስልህ ደግሞ «እኛም ጋ» ብለኸኛል። በሐምሌ! ሪያድ!

ማክሰኞ ለአባቴ «ማሾ ልገዛ ነው» ብዬ ተሳፈርኩ። ጀውሃ ወርጄ ብዙም አልፈለግኩም። ጎሚስታው ቤት ደጅ ላይ፣ ቁመትህን የሚያክል ጎማ ስታነሳ አየሁህ። አንተም አየኸኝ። ሰው እጮኛውን ድንገት ሲያገኝ ወይ ይስቃል ወይ ይደነግጣል፤ አንተ ግን የቆመ ሲኖትራክ ሥር ገባህ።

ጎንበስ ብዬ «አሰላሙ አለይኩም» አልኩ።

«ወአለይኩም ሰላም» አለኝ ከሥር ድምፅህ።

«ሪያድ እንዴት ናት?»

«ይሞቃል» አልከኝ።

የመኪናው ሹፌር ምሳውን በልቶ ጥርሱን እየጎረጎረ መጣ። «ወንድም፣ ውጣ እንጂ፣ ልነሳ ነው። ደግሞ የእኔ ጎማ ምንም አልሆነም፤ እዚያ ምን ትሠራለህ?» ሲልህ «እሷ ትሂድና እወጣለሁ» አልከው። ሹፌሩ ወደ እኔ ዞረ። «ሚስቱ ነሽ?» «ልሆን ነበር» አልኩት። ሰውየው መነሳቱን ትቶ መወጣጫው ላይ ተቀመጠና ክንዱን አጣጥፎ ይሰማን ጀመር።

ስትወጣ ፊትህ ግሪስ ብቻ ነበር። የመኖሪያ ወረቀትህ አልቆ ከመለሱህ አሥራ አራት ወር እንደሆነህ የነገርከኝ መሬት መሬት እያየህ ነው። አውቶቡሱ ሸዋሮቢት ሲገባ ሰው እንዳያይህ ፊትህን በፎጣ ሸፍነህ የተኛህ መስለህ አለፍክ። ጀውሃ ሲደርስ ተጸጽተህ ወረድክ፤ ወደ ኋላ ለመመለስ ግን እግርህ እምቢ አለ። «መንደሩ ሁሉ ሸኝቶኝ፣ እናቴ ‹የሪያዱ ልጄ› እያለች፣ ባዶ እጄን እንዴት ልግባ? ትንሽ ይዤ ልገባ፣ ትንሽ ይዤ ልገባ ስል ዓመት አለፈ» አልክ። ሹፌሩ «እውነቱን ነው» አለ። እኔ ሁለታችሁንም ትቼ ሄድኩ።

ሱቅ ስገባ ኤርሚያስ ፊቴን አይቶ ወንበር ሳበልኝ። ሻይም አዘዘልኝ። ከዚያ ብቻዬን ስሆን እነዚያን ሦስት መልእክቶችህን ደግሜ አየኋቸው፤ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። «ሪያል ይላል» ብትለኝ ኖሮ በቃ፣ ያልፍ ነበር። ድረ ገጹ ሰው ያለበትን እንደሚያውቅ አልነገርንህም፤ ስለዚህ የሱቄ ድረ ገጽ የተበላሸ መስሎህ ዝም ማለት አልሆነልህም። ስላለህበት አገር ዓመት ሙሉ የዋሸኸኝ ሰው ስለ ሥራዬ አንድ ቃል መዋሸት አቃተህ። ንዴቴ የላላው እዚያ ላይ ነው። ላላ አልኩ እንጂ አለቀ አላልኩም።

እኔም የምናዘዘው አለኝ። «እጮኛዬ ሪያድ ነው» ማለት ደስ ይለኝ ነበር። የሚሰማኝ ደንበኛ ሳይኖር እንኳ ስለ አንተ የማወራበት ቀን ነበር። አንዴ ለጓደኛዬ ለሐያት «ቤቱ አሳንሰር አለው» ብያታለሁ፤ ይህን አንተ እንኳ አላልከኝም። ስለዚህ አንተን ጀውሃ ያስቀረህ ያንተ ፍርሃት ብቻ አይመስለኝም፤ የእኛም ወሬ አለበት።

ትላንት እናትህ ጋ ሄድኩ። አንተ ሳትፈቅድልኝ ነው፤ ከፈለግህ ተቆጣ። «እትዬ ኑርሃን፣ ስለ ረድዋን የምነግርዎት አለ» ስላቸው የያዙት ሰፌድ ወደቀ።

«ሞተ?»

«ኧረ አልሞተም።»

«ታሰረ?»

«አልታሰረም።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«ጀውሃ ነው።»

«የትኛው ጀውሃ?»

«ይሄው የእኛው ጀውሃ። ጎማ ይጠግናል።»

ትንሽ አሰቡና «ይበላል?» አሉ። «ወፍሯል» አልኳቸው። ያኔ ሳቁም እንባውም አንድ ላይ መጣባቸው። «ያ ረቢ! ስንት ጊዜ ለባሕሩና ለበረሃው ዱዓ ሳደርግ! ጀውሃ ላለ ሰውማ የሚያስፈልገው ምሳ ነበር!» «የሰዉስ ወሬ?» ብዬ ጠየቅኳቸው፤ አንተ የምትፈራው እሱን ስለሆነ። «ያውሩ» አሉኝ። «ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ እሰማቸዋለሁ።»

ለአባቴ ግን አልነገርኩም። እሱን አንተ በአፍህ፣ ፊት ለፊት ትነግረዋለህ። የሚጮኸው ለትንሽ ጊዜ ነው፤ እኔ ደጅ ላይ እቆምልሃለሁ። ስለ ኒካሁ የምንነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው። እስካሁን «እምቢ» አላልኩም፤ «እሺ»ም አላልኩም።

ይህን ደብዳቤ የሚሰጥህ የሚኒባሱ ሹፌር ኸድር ነው። አንብበህ እስክትጨርስ እንዲቆምልኝ ለምኜዋለሁ። መጀመሪያ ደብዳቤው ብቻውን እንዲደርስህና ፊትህን እንድትታጠብ አስቤ ነበር፤ እትዬ ኑርሃን ግን «ከእኔ በፊት ወረቀት አያየውም» ብለው ከነጋ ጀምሮ መናኸሪያ ናቸው። ስለዚህ እጅህን ልብስህ ላይ ጥረግና ቀና በል። ሁለተኛው ወንበር፣ በመስኮቱ በኩል፣ ቢጫ ሻሽ ያሰሩት እናትህ ናቸው። የሚኒባሱ በር ለመክፈት ያስቸግራል፤ አንተ ክፈትላቸው።

ሐምዲያ ሷሊሕ
ሸዋሮቢት